ስውር ነፍሰ ገዳይና የአገር ሸንጎ

ነፍስ ያጠፋ ሰው ማንነቱ ታውቆ ሲሸሽ ነገሩ ከባድ ቢሆንም መንገዱ ግልጽ ነው። ዘመድ ይከታተለዋል፥ ዳኛ ያስጠራዋል፥ ሽማግሌ ይማልድለታል፥ በመጨረሻም ሕግ ይፈርድበታል። ሬሳው ተገኝቶ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር ግን፥ ይልቁንም ያው የተሰወረ እጅ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው የጣለ እንደ ሆነ፥ ጭንቀቱ የሟች ቤተ ሰብ ብቻ መሆኑ ይቀራል። አገሩ በሙሉ ይታወካል፤ እረኛው ከብቱን አርቆ ማሰማራት ይፈራል፤ ነጋዴው ሳይመሽ ደጁን ይዘጋል፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ ዓይን መመልከት ይጀምራል።

ልብ ወለድና ፊልም ይህን ጭንቀት ይወዱታል። አንድ ብልህ መርማሪ፥ በተንኰል ከእርሱ የማያንስ አንድ ገዳይ፥ በሁለቱ መካከል የሚደረገው መፈላለግ አንባቢውን እንቅልፍ ነሥቶ ያሳድረዋል። በእውነተኛው ታሪክ ግን ስውሩን ገዳይ ያስያዘው ብዙ ጊዜ የአንድ መርማሪ ብልህነት አይደለም። ያየ ሰው ሲናገር፥ የሰማ ሹም ሲመዘግብ፥ መዝገቡን የያዘውም አንዱን ቃል ከሌላው ጋር ሲያመሳክር ነው ገዳይ የተያዘው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ከአገራችን ልማድ ተነሥተን በውጭ አገር እስከ ተደረገው ድረስ በቅደም ተከተል እንመልከት።

መነሻችን ሰንበቴ ትሁን። ሰንበቴ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ከሚሴና ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ዝናዋ የወጣው በእሑድ ገበያዋ ነው። በዚያ ቀን የአካባቢው ኦሮሞ፥ አርጎባው፥ ከምሥራቁ ቆላ የሚመጣው አፋር፥ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው አማራ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ከብትና ፍየል ይነዳል፥ ሌላው እህል ጭኖ ይመጣል፤ ሲገበያዩ ውለው ማታ እያንዳንዱ ወደ ወጣበት ይመለሳል።

ገበያ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ወሬም የሚለዋወጡበት ስፍራ ነው። በዚህ ረገድ አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ ከሁሉም ይልቅ የሚደነቅ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ እጅ ተነሣሥተው ብቻ አይተላለፉም፤ ጥቂት ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ተራ በተራ ይነጋገራሉ። ማን ታመመ፥ የት ዘነበ፥ ማን እንግዳ በየት በኩል አለፈ የሚለው ሁሉ ይነገራል። ሐሰት ጨምሮ የተናገረ ሰው በወገኑ ዘንድ የሚነቀፍ ስለ ሆነ ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ለይቶ ለመናገር ይጠነቀቃል። ወሬውም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ በረሃውን ያቋርጣል። ወንጀል ሠርቶ በዚያ አገር የሚያልፍ ሰው እግሩ ቢፈጥንም ወሬው ይቀድመዋል።

ነገር ግን እንደዚህ ባለው የብዙ ሕዝብ መገናኛ ገዳይ ሲሰወር የሚመጣው አደጋ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የበረታ ነው። ገዳዩ በስሙ ካልታወቀ ጥርጣሬው በአንድ ሰው ላይ አያርፍም፤ በወገን ላይ ያርፋል። «የእነ እገሌ ወገን ገደለብን» የተባለ እንደ ሆነ ደም መላሹ የሚፈልገው የበደለውን ሳይሆን ያገኘውን ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ፥ በጅሌ ጥሙጋና በአጎራባች ወረዳዎች በተነሣው ግጭት ብዙ ሕይወት መጥፋቱንና የአጣዬ ከተማ መቃጠሏን የማያስታውስ የለም። የግጭቱ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፥ የጥቂቶች እጅ ለብዙዎች ሲቈጠር ምን እንደሚያስከትል ያ ዘመን በሚያሳዝን ሁኔታ አስተምሯል። እንግዲህ ስውሩን ገዳይ በስሙ ለይቶ ማውጣት ለሟቹ ፍርድ መስጠት ብቻ አይደለም፤ ምንም ያልበደሉትን ብዙዎች ከበቀል ማዳን ጭምር ነው።

የወሎ ሽማግሌዎች ይህን ከጥንት ያውቁት ነበር። በከሚሴና በሰንበቴ ዙሪያ፥ በሌላውም የወሎ ምድር አበጋር የሚባሉ የተከበሩ አስታራቂዎች አሉ። አበጋርነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሲሆን ኃይሉም በመሣሪያ ሳይሆን በመከበር ነው። አበጋሩ በተገዳደሉ ወገኖች መካከል ገብቶ ዱዓ ያደርጋል፥ ካሳ ያስቈርጣል፥ ደም ያደርቃል። ምርቃቱ ይፈለጋል፥ እርግማኑ ይፈራል። ሰው ከዳኛ የሸሸገውን ነገር እርግማን ፈርቶ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ሆኖም ዕርቅ የሚደረገው በታወቀ ገዳይና በታወቀ ባለ ደም መካከል ነው። ማንነቱ ያልታወቀን ሰው ከማን ጋር ያስታርቁታል? ስለዚህ ከዕርቅም ከፍርድም አስቀድሞ የሚመጣው ሥራ ማወቅ ነው።

ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ጥንታውያን ሕጎችን ሁሉ አስጨንቋል። በኦሪት ዘዳግም እንደ ተጻፈው፥ ሰው በሜዳ ተገድሎ ቢገኝና ገዳዩ ባይታወቅ ሽማግሌዎች ወጥተው ከሬሳው እስከ አካባቢው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ ቅርብ የሆነችው ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር አርደው እጃቸውን በመታጠብ ደሙን እንዳላፈሰሱና እንዳላዩ ይመሰክራሉ። በእስልምናም ሕግ ቀሳማ የሚባል ሥርዓት አለ። ሟች በአንድ መንደር ተገድሎ የተገኘ እንደ ሆነ 50 መሐላ ይማላል፤ እንደ አንዳንዶቹ ሊቃውንት የሚምሉት የመንደሩ ሰዎች አለመግደላቸውንና ገዳዩን አለማወቃቸውን ነው፤ እንደ ሌሎቹ ደግሞ የሟች ወገኖች ናቸው የሚምሉት። በኸይበር አንድ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ የሟቹ ደም ከንቱ እንዳይቀር ብለው ካሳውን ራሳቸው እንደ ከፈሉ በሐዲስ ተዘግቧል። በእንግሊዝ አገርም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1066 ከኖርማንዲ መጥተው አገሩን የያዙት ገዢዎች ከወገናቸው አንዱ ተገድሎ ቢገኝና ገዳዩ ባይቀርብ ወረዳውን በሙሉ መቀጫ ያስከፍሉ ነበር፤ ይህም ደንብ የተሻረው በ1340 ነው። የእነዚህ ሁሉ አሳብ አንድ ነው፤ ደም በፈሰሰበት ስፍራ የሚኖር ሰው «አያገባኝም» ሊል አይችልም።

የኛ አባቶች በዚህ አሳብ ላይ የሠሩት ሥርዓት አፈርሳታ ነው፤ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ ይባላል። ስሙ ራሱ እርስ በርስ ተጠያይቆ የተደበቀውን ማውጣጣትን ያሰማል። አንድ ሰው ተገድሎ፥ ወይም ቤት ተቃጥሎ፥ ወይም ከብት ተሰርቆ አድራጊው ያልታወቀ እንደ ሆነ ጭቃ ሹሙ አገሩን በአዋጅ ይጠራል። በዚያ ወሰን ውስጥ የሚኖር ጎልማሳ ሁሉ በአንድ ሜዳ መሰብሰብ አለበት፤ የቀረ ይቀጣል፤ መቅረቱም ያስጠረጥረዋል። ከዚያ የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሰዉም ያየውንና የሰማውን እንዳይደብቅ ይምላል። አንዱ ቀን ካልበቃ በማግሥቱ፥ ማግሥቱም ካልበቃ በሌላ ቀን ሸንጎው ይቀጥላል።

በአፈርሳታ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀው ወፍ የሚባለው ነገር ነው። ገዳዩን ያየ ሰው በሸንጎ ፊት ቆሞ «እገሌ ነው» ቢል ከገዳዩ ዘመዶች በቀል እንደሚያገኘው ያውቃል። ስለዚህ ምስጢሩን ለተመረጡት ሽማግሌዎች በስውር ይነግራል፤ ሽማግሌዎቹም የነገራቸውን ሰው ስም ሳያወጡ ወሬውን ከወፍ እንደ ሰሙ አድርገው ያቀርቡታል። ዛሬ በጨዋታ መካከል «ወፍ ነገረኝ» የምንለው አነጋገር ያን ልማድ ያስታውሰናል። ወፏ አትታይም፥ አትከሰስም፥ ቤቷም አይቃጠልም፤ ቃሏ ግን ይሰማል። ያለ ፖሊስ ጣቢያ፥ ያለ ስልክና ያለ መዝገብ ቤት የኖሩ ሰዎች ለምስክር ጥበቃ ያገኙት ብልሀት ይህ ነበር።

ይሁን እንጂ የአባቶቻችንን ሥራ ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። አፈርሳታ በዘራና በአጨዳ ወራት የተጠራ እንደ ሆነ ገበሬውን ከሥራው ያውለው ነበር። ገዳዩ ካልወጣ ካሳው በአገሬው ላይ ስለሚከፈል ምንም የማያውቀው ድኻ ከሚያውቀው እኩል ይከፍላል። ይህ መክፈል የሚያስፈራው ሕዝብ በመጨረሻ አንድ ስም መስጠት የግድ ሲሆንበት፥ ስሙ የሚጠራው ዘመድ የሌለው ሰው፥ እንግዳው፥ ወይም ከመንደሩ ጋር የተጣላው ሊሆን ይችላል። ወፏም ምስጢር ጠባቂ እንደ ሆነች ሁሉ ቂመኛ ልትሆን ትችላለች። ማን እንደ ተናገረ የማያውቅ ተከሳሽ ለምን እንደ ተናገረበት ሊጠይቅ አይችልም።

ከአፈርሳታም ይልቅ የሚያስፈራ ሌላ ልማድ ነበር፤ እርሱም ሌባ ሻይ ነው። ሻይ ማለት በዚህ ስፍራ የሚሻ፥ የሚፈልግ ማለት ነው። ይህ ልማድ በብዛት ያገለገለው ለስርቆት ነገር ነው። የሌባ ሻዩ አለቃ ለአንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ልጁም አእምሮውን ስቶ ሲሮጥ አለቃው በወገቡ የታሰረውን ገመድ ይዞ ይከተለዋል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ምስክር አልቀረበም፥ ማስረጃ አልታየም፤ የሰከረ ልጅ እግር ፈረደ። በዚህ ምክንያት ስንቱ ንጹሕ ሰው እንደ ተዋረደ መገመት አያዳግትም። በፍትሐ ነገሥት ዘንድ ሰው የሚፈረድበት በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ሆኖ ሳለ ይህ ልማድ ከመጽሐፉ ጎን ለጎን መኖሩ የሚያስገርም ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ የነበሩት ልጅ ኢያሱ በሥልጣን ላይ ሳሉ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው የሚታሰሩበትን ቁራኛንና ይህን ሌባ ሻይን ለማስቀረት መጣራቸው ከበጎ ሥራቸው የሚቈጠር ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀስ በቀስ ከልማድ ወደ ጽሑፍ ሕግ ተሻገረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ሚኒስቴሮች አንዱ ሆነ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ ተቋቋመ፤ በ1946 ደግሞ የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ። በስዊዙ ሊቅ በዣን ግራቨን አርቃቂነት የተሰናዳው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፥ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ1954 ዓ.ም. ታወጁ። በእነዚህ ሕጎች የምርመራው ሥራ ከሜዳው ሸንጎ ወጥቶ ለፖሊስ ተሰጠ። በደልም የበደለው ሰው እንጂ የጎረቤቱ ዕዳ መሆኑ ቀረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስከተለ፤ አገሩ በሙሉ ይሠራው የነበረውን ሥራ ጥቂት ደመወዝተኞች ብቻቸውን ይችሉታልን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ፖሊስ ከኛ ብዙ ቀድሞ ወደ ተቋቋመበት አገር እንሻገር። የሎንዶን ከተማ ፖሊስ በ1829 ነው የተመሠረተው። በ1888፥ ይኸውም በኛ አገር ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረኃብ በጀመረበት ዘመን፥ ዋይትቻፕል በተባለው የሎንዶን ድኾች ሰፈር ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውስጥ አምስት ሴቶች በአንድ ሰው እጅ እንደ ተገደሉ ታመነ። ጋዜጦች ገዳዩን ጃክ ቀዳጁ የሚል ትርጉም ባለው ስም ጠሩት። ፖሊሶች ቤት ለቤት ዞረው ከ2000 በላይ ሰዎች ጠየቁ፤ 300 ያህሉን በልዩ መረመሩ፤ 80 ሰዎችም አስረው አዩ። ገዳዩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልታወቀም። ለምን ቢባል አንዱ ምክንያት ሰፈሩ ራሱ ነው። ሰዉ ለአንድ ሌሊት አልጋ ተከራይቶ አድሮ በማግሥቱ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ስም አያውቅም። ዳጉ የሚነጋገር፥ አፈርሳታ የሚቀመጥ ሕዝብ በዚያ አልነበረም። የሕዝብ ብዛት ብቻውን ምስክር አያበዛም።

ሁለተኛው ምሳሌ በዚያው በእንግሊዝ በዮርክሺር ግዛት የተደረገው ነው። ከ1975 እስከ 1980 ድረስ ፒተር ሳትክሊፍ የተባለ የጭነት መኪና ነጂ 13 ሴቶች ገደለ። በዚህ ጊዜ የሰዉ አፍ አልተዘጋም ነበር፤ የደነቈረው መዝገቡ ነው። መርማሪዎቹ የሰበሰቡትን ቃል በካርድ ላይ ጽፈው በሣጥን ይደረድሩ ስለ ነበር ወረቀቱ በዝቶ አንዱን ካርድ ከሌላው ማገናኘት አቃታቸው። ሳትክሊፍን ራሱን ዘጠኝ ጊዜ ጠይቀው ዘጠኝ ጊዜ ለቀቁት። አንድ ቀልደኛ ወንጀለኛ «ገዳዩ እኔ ነኝ» ብሎ በቴፕ የላከውን ድምፅ አምነው በሌላ አገር አነጋገር የሚናገር ሰው ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ አጠፉ። በ1980 መጨረሻ የሳትክሊፍ ወዳጅ የነበረ ሰው ስሙን ሳይገልጥ ደብዳቤ ጽፎ ሳትክሊፍን ጠቆመ፤ ደብዳቤው ግን በወረቀቱ ክምር ውስጥ ተቀበረ። በኛ አነጋገር ወፏ ተናግራለች፤ ሽማግሌዎቹ አልሰሟትም። በመጨረሻ የያዙት በጥር ወር 1981 በሼፊልድ ከተማ የሐሰት የመኪና ታርጋ አይተው ያስቆሙት ተራ ፖሊሶች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሰውየው ለሽንት ብሎ ዞር ወዳለበት ስፍራ በማግሥቱ ተመልሶ ቢፈልግ መዶሻና ቢላዋ አገኘ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። ማኅደር ማስቀመጥና ቍጥር መስጠት፥ የገባውን ደብዳቤ ቀን ጽፎ ለሚመለከተው ማድረስ አንዳንድ ጊዜ እንደ ትንሽ ሥራ ይታያል። አንዲት ደብዳቤ በወቅቷ ሳትነበብ በመቅረቷ ግን ሰው ሊሞት ይችላል። መዝገብ ቤት ከምርመራ ክፍል የማያንስ የፍርድ ምሰሶ ነው።

አሁን ደግሞ ሳይንስ የጨመረውን እንይ። በ1892 በአርጀንቲና አገር ኔኮቼያ በተባለች ከተማ ሁለት ሕፃናት ተገድለው ተገኙ። እናታቸው አንድ ጎረቤቷን ወነጀለች። ጎረቤቱ ተደበደበ፥ ተሠቃየ፥ ቢሆንም አላመነም። ሁዋን ቩሴቲች ስለ ጣት አሻራ ያስተማረው አንድ መርማሪ መጥቶ በበሩ ላይ በደም የታተመ የአውራ ጣት ምልክት አየ። ምልክቱ ከጎረቤቱ ጣት ጋር አልተስማማም፤ ከእናቲቱ ጣት ጋር ግን አንድ ሆነ፤ እርስዋም አመነች። በጣት አሻራ ምክንያት በነፍስ ግድያ የተፈረደበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው ይባላል። የሎንዶን ፖሊስም በ1901 የጣት አሻራ ክፍል አቋቋመ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዱላ እውነትን ሊያወጣ አልቻለም፤ አንዲት የጣት ምልክት ግን በደለኛዋን ለየች፥ ንጹሑንም ሰው አዳነች።

ከዚያ በኋላ የመጣው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው። በ1984 አሌክ ጄፍሪስ የተባሉ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከሰው ደም ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል የእያንዳንዱን ሰው ልዩ ምልክት ማውጣት እንደሚቻል አገኙ። በዚያው በሌስተር አጠገብ ናርቦሮ በተባለ መንደር ዙሪያ በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው ነበር። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ተይዞ ሁለተኛይቱን ገድያለሁ ብሎ አመነ። ምርመራው በተደረገ ጊዜ ግን ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑና ያ ሰው ይህ ወጣት አለመሆኑ ታወቀ። ስለዚህ አዲሱ ሳይንስ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ንጹሕ ሰው ነጻ ማውጣት ሆነ።

ገዳዩን ለማግኘት ፖሊሶች ምን አደረጉ? በ1987 የመንደሮቹን ጎልማሶች ሁሉ ደም እንዲሰጡ ጠሩ፤ ከ5000 የሚበልጡ ወንዶችም ቀርበው ሰጡ። የአገራችንን ልማድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ከአፈርሳታ በቀር ሌላ ምን ሊባል ይችላል? በሜዳው ፈንታ ሐኪም ቤት፥ በመሐላው ፈንታ ደም ሆነ እንጂ፥ ወሰኑ ተለይቶ አገሩ ተጠራ፤ የቀረም ተጠረጠረ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የገዳዩ ደም አልተገኘም። ነገሩ የተፈታው አንድ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ «በሥራ ባልደረባዬ ስም ደም የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብሎ ሲናገር አንዲት ሴት ሰምታ ለፖሊስ በማስታወቋ ነው። ያ ባልደረባ ተይዞ ደሙ ሲመረመር ገዳዩ እርሱ ሆኖ ተገኘ፤ በጥር ወር 1988 የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደበት። ይህን ያህል የረቀቀ ጥበብ ያላገኘውን ገዳይ አንዲት ወፍ አሳየችው፤ የወፏንም ቃል ሳይንሱ አረጋገጠው።

ሦስቱን ነገሮች፥ ማለት የሰዉን አፍ፥ የመዝገቡን ትጋትና የማስረጃውን ምስክርነት አጣምረን ስናያቸው አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። አፍ ብቻውን ቂመኛ ሊሆን እንደሚችል አፈርሳታ አሳይቶናል። መዝገብ ብቻውን ክምር ወረቀት መሆኑን የዮርክሺር ነገር ይመሰክራል። ማስረጃም ብቻውን የሚያመሳክሩትን ሰው እስኪያገኙ ድረስ ዲዳ መሆኑን ከናርቦሮ አይተናል።

በአገራችን ሕግ ውስጥ የአባቶቻችን አሳብ በአዲስ ልብስ ተመልሶ ይታያል። በ1949ኙ ሕግ ፈንታ የተተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል እንደ ተሠራ እያወቀ ያላስታወቀ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ይህ «ያየህን ሳትናገር አትሂድ» ይል የነበረው የሜዳው ሸንጎ ቃል ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 699 ወጣ፤ በዚህም ሕግ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ምስክር ማንነቱ እንዲሸሸግለት እስከ ማድረግ የሚደርስ ጥበቃ ሊደረግለት ይችላል። ወፏ ጎጆ ተሠራላት ማለት ነው። በሌላው ወገን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር፥ በግዴታም የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ እንዳይሆን አዝዟል። ሌባ ሻይ ያዋረዳቸው ሰዎች ይህን ሕግ ቢያገኙ ምንኛ ደስ ባላቸው ነበር!

ሕግ ግን በወረቀት ላይ ሲቀመጥ ሰው አያድንም፤ የሚያድነው ሰው ሲሠራበት ነው። ያየ ሰው ለፖሊስ ለመናገር የሚደፍረው ቃሉ በሻይ ቤት እንደማይወራ ሲያምን ብቻ ነው። ሹሙም የሰማውን በቅን ልብ መዝግቦ የተናገረውን ሰው ስም ቢጠብቅ ነገ ሌላ ተናጋሪ ያገኛል፤ አንድ ጊዜ ምስጢር ያወጣ እንደ ሆነ ግን የዚያ ወረዳ አፍ ሁሉ ይዘጋል። ሽማግሌው፥ አበጋሩ፥ ቄሱና ሼሁም የምርመራን ሥራ ከፖሊስ መውሰድ አይጠበቅባቸውም፤ ነገር ግን በደሉ የወገን ሳይሆን የአንድ ሰው መሆኑን፥ ያን ሰውም መደበቅ ወገንን ማዋረድ መሆኑን ለሕዝባቸው ቢነግሩ ከብዙ መርማሪ የሚበልጥ ሥራ ይሠራሉ።

ይህም እንደ ሰንበቴ ላለ ስፍራ ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል። በእሑድ ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው እህልና ከብት የሚለዋወጡ አራት ሕዝቦች በሚቀጥለውም እሑድ ሳይፈራሩ እንዲገናኙ፥ በመካከላቸው ደም ያፈሰሰ አንድ ሰው በአንድ ስሙ መጠራት አለበት። አንዱ ሲሰወር ብዙዎች ተጠርጣሪ ይሆናሉ፤ አንዱ ሲታወቅ ብዙዎች ነጻ ይወጣሉ። «እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል» ይባላል፤ ንጋት ግን ማንም ሳይደክምለት ይመጣል፥ እውነት የምትጠራው ያየ ሲናገር፥ የሰማ ሲጽፍ፥ የሚፈርድም ሳይቸኩል ሲመረምር ነው።